ከግድግዳ የወረደ ሽመና፦ የማግዳሌና አባካኖቪች «አባካኖች»



በአውሮፓ ግድግዳ የሚሸፍነው ጌጠኛ ሽመና ለረጅም ዘመን የሠዓሊ ንድፍ ግልባጭ ሆኖ ኖሯል፤ ሠዓሊው ያስባል፣ ሸማኔው ይከተላል። ፖላንዳዊቷ ማግዳሌና አባካኖቪች (1930–2017 እ.ኤ.አ.) ይህን ተዋረድ ያፈረሰችው ዝርዝር ንድፍ ሳትከተል፣ ሽመናው ላይ እያለች በመፍጠር ነው።

በጊዜው በፖላንድ የቁሳቁስ እጥረት ነበር። እርሷም በቪስቱላ ወንዝ ዳር የተጣሉ አሮጌ ገመዶችን ሰብስባ ትፈታ፣ ቃጫውን ታጥብ፣ ቀለም ትነክር ነበር። ሥራዋን የእጥረት ውጤት ብቻ አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በ1965 በሳኦ ፓውሎ ቢየናሌ የወርቅ ሜዳልያ ካገኘች በኋላም ቃጫን አልተወችም።

በ1969 የሠራችውን «ቀይ አባካን» እንመልከት። ቁመቱም ወርዱም አራት ሜትር ያህል ሲሆን ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ተመልካቹ ይዞረዋል። ቀዩ ቀለም አንድ ወጥ አይደለም፤ በሻካራው ቃጫ ጉብታ ላይ ይደምቃል፣ በእጥፋቱ ውስጥ ይጠቁራል። መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅ አንዴ የአበባ፣ አንዴ የዛፍ ቅርፊት፣ አንዴም የሰው ገላ ይመስላል። «ሽመና ነው ወይስ ቅርጻ ቅርጽ?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ዘወትር ይቀርብልኛል። ድርና ማጉን ብናወጣ የሚቆም ቅርጽ አይኖርም፤ ስለዚህ «ቅርጻ ቅርጽ» ብለን ሸማኔዋን ከታሪኩ ማስወጣታችን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከ1976 እስከ 1980 በጆንያና በሙጫ በሠራቻቸው 80 ራስ አልባ «ጀርባዎች» ላይ ግን ያ ደማቅ ቀይ የለም። የጆንያው ሻካራ ገጽ እንደ ተሸበሸበ ቆዳ ሆኖ ይታያል።