ከ«ይበል» እስከ መጽሐፍ ኅዳግ፦ የአማርኛ አንባቢያን ክርክር ታሪክ

የአማርኛ ልብ ወለድና ግጥም አንባቢዎች በአንድ መጽሐፍ ላይ ሲለያዩ ልዩነቱ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ ከሥሩ ከመጽሐፍ ምን ይጠበቃል የሚል የቆየ ጥያቄ ይገኛል። ይህ ጥያቄ ከማተሚያ ቤት በፊት በቅኔ ቤት ሲነሣ የኖረ ነው። ተማሪው ቅኔውን በልቡ አዘጋጅቶ፣ ማለትም «ቆጥሮ»፣ በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ፣ ይኸውም «ሲነግር»፣ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፤ ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ሲዘረፍም የገባው ሰሚ «ይበል» ብሎ ያጸድቀዋል። እዚያ ፍርድ የሚሰጠው ወዲያውኑና በጉባኤ ሲሆን፣ መለኪያዎቹም ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የቃላቱን ላይኛ ፍቺ ከተሰወረው ምስጢር ጋር የሚያጣምረው ሰምና ወርቅ ነው፤ ሁለተኛው ከልኩ የማይወጣ ምጣኔ ነው። የዘመናዊው አንባቢ ክርክር ከነዚህ መለኪያዎች ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ሥራ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ስለነበረው፣ ልብ የወለደው ታሪክ የሚለው አጠራር የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ምን ይጠቅማል ለሚል አንባቢ መልስ ማስፈለጉ አልቀረም፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» እና «አዲስ ዓለም» ትረካን ከምክር ጋር አስተሳስረው መቅረባቸውም ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። መጽሐፍ ያስተምር የሚለው አቋም ከዚያ ወዲህ በርትቶ ኖሯል።

ይህን አቋም በእጅጉ የፈተነው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አንዱ አንባቢ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይዞ ሲያለቅስ፣ ሌላው ደግሞ የጎጃም ባላገር ከልማዱ ውጭ የተጠየቀውን ግብር አልከፍልም ብሎ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ መነሣቱን የመጽሐፉ አከርካሪ አድርጎ አነበበው። ከሁሉ ይልቅ ያከራከረው ግን ካሣ ዳምጤ ነው። ባለንጀሮቹ እንደ እብድ ቆጥረው «ጉዱ ካሣ» ያሉት ይህ ሰው ለአንዳንዱ ሥርዓቱ ሊፈርስ መሆኑን ቀድሞ ያየ ብቸኛ ጤነኛ ሲሆን፣ ለሌላው ደግሞ ረጅም ንግግሩ ትረካውን የሚያጓትት፣ ደራሲው ራሱ የሚናገርበት አፍ ነው። ሁለተኛው ወቀሳ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ሆኖም የጉዱ ካሣ ንግግር ቢወጣ ፍቅሩ ለምን ወደ መቃብር እንደሚያመራ የሚያስረዳ ሌላ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ስለማይተርፍ ሚዛኑ ወደ መጀመሪያዎቹ ያደላል። በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ክርክሩ ፊደል ካልቆጠረው ሰው ጆሮ ሳይቀር ደረሰ፤ ለብዙ ሰውም የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ የወጋየሁ ድምፅ ሆኖ ቀረ።

በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ዕጣው ሌላ ነበር። ታሪኩ አንድ የተማረ ወጣት ደብረ ሲና አካባቢ ወዳለ የገጠር ኅብረተሰብ ገብቶ የሚያነሣቸውን ክርክሮች የሚከተል ሲሆን፣ ደራሲው ግን አንባቢውን እጁን ይዞ አይመራውም፤ ንግግሮች ይደራረባሉ፣ የአካባቢው አነጋገር እንዳለ ይገባል፣ ማን ምን እንዳለ የሚለየው አንባቢው ራሱ ነው። ከባድ ነው ብሎ የተወው ብዙ ነው፤ እያደር ግን በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችና መምህራን ዘንድ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ፊተኛ ረድፍ የሚሰለፍ ሆኗል።

በግጥም በኩል የተነሣው ክርክር ከዚህ ይጠልቃል፤ ምክንያቱም የነካው ጆሮን ነው። በአማርኛ ግጥም አንድ መስመር ስንኝ ይባላል፤ የስንኞች መድረሻ ድምፅ መግጠም ቤት መምታት ነው። በብዛት የተለመደው የወል ቤት አንዱን ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፍላል፤ ሰንጎ መገን ደግሞ አምስት አምስት ቀለም ይይዛል። የሚጠራጠር አንባቢ በጣቱ እየቆጠረ ሊያረጋግጥ ይችላል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም አርዝሞ «የጸጋዬ ቤት» የተባለውን ልክ ሲያስለምድ፣ በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ» ቃሉ ከበደኝ ያለ አንባቢ ቢኖርም ግጥም አይደለም ለማለት ግን አልቻለም፤ ልኩ ቢረዝምም ልክ ነበረና።

ሰሎሞን ዴሬሳ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው «ልጅነት» ያደረገው ግን መቁጠሪያውን ራሱን መተው ነበር። ስንኞቹ እንደ ሐሳቡ ትንፋሽ ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ፤ ቤት የሚመቱበት ጊዜ አለ፣ የማይመቱበትም አለ። ተቃዋሚዎቹ ይህ ከባዕድ የተቀዳና ስድ ንባብን ቆራርጦ መደርደር ነው ሲሉ፣ ደጋፊዎቹ የግጥም ነፍስ በቀለም ቁጥር አትታሰርም ብለው ተከራከሩ። የተቃዋሚዎቹን ቅሬታ እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ መቁጠር ፍትሕ አይሆንም። በእንጉርጉሮና በቀረርቶ ያደገ ጆሮ ምጣኔውን የሚጠብቀው ግጥሙን በቃሉ ይዞ ለመሄድ ነው፤ ቤት የማይመታ ግጥም ግን በወረቀቱ ላይ ይቀራል። ደጋፊዎቹ ያሸነፉት በክርክር ሳይሆን በዘመን ነው፤ ዛሬ በነጻ ስንኝ የሚጽፍ ገጣሚ ስለ ቅርጹ ይቅርታ መጠየቅ አይኖርበትም።

በደርግ ዘመን ክርክሩ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብና ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ደብዛው ሲጠፋ፣ የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ስለዚህ መጽሐፍ በአደባባይ መለያየት እንኳ የማይቻል ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነጻነት ሌላ ዓይነት ልዩነት አስከትሏል፤ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ትኩሳት» በነውርና በእውነት መካከል አንባቢን ሲከፍል፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ ወጣቱን በገፍ ወደ ንባብ ስቦ ሳለ ጥበቡ ለጉጉት ተሠዋ የሚል ትችት አልቀረለትም።

የዚህ ሁሉ ልዩነት ማስረጃ በጋዜጣና በመጽሔት ከታተመው ሂስ ይልቅ የበዛው በአሮጌ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ነው። መያዣ እየተያዘባቸው ሲከራዩ የኖሩ፣ በጋዜጣ ወይም በላስቲክ የተለበጡ መጻሕፍት ሲገለጡ፣ በእርሳስ የተሠመረበት ዐረፍተ ነገር፣ ከጎኑ የአድናቆት ቃል፣ ከሥሩም በሌላ እጅና በሌላ ቀለም የተጻፈ ተቃውሞ ይገኝባቸዋል፤ እርስ በርስ ተያይተው የማያውቁ ሁለት አንባቢዎች እዚያ ገጽ ላይ ተከራክረዋል። እንዲህ ያለ ቅጂ በቤቱ ያለው ሰው አዲሱ ኅትመት ወጥቷል ብሎ አሮጌውን ለስኳር መጠቅለያ እንዳይሰጠው፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችም የተጻፈበትን መጽሐፍ እንደ ተበላሸ ቆጥረው እንዳያስወግዱት አደራ ሊባሉ ይገባል።