ጎማና ካሳቫ በሃክኒ

ካሳቫና የጎማ ዛፍ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲቆረጡ ነጭ ፈሳሽ ከሚያንጠባጥበው ከቁልቋል ወገን ይመደባሉ። ምሥራቅ ለንደን የምትገኘው ሃክኒ ሁለቱንም በየዘመናቸው አስተናግዳለች። ጎማው ቀድሞ ገባ።

በሃክኒ የሎዲጂዝ ቤተሰብ ስመ ጥር የችግኝ ጣቢያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጆርጅ ሎዲጂዝ ሐኪሙ ናትናኤል ዋርድ የፈጠረውን የመስታወት ሣጥን በመጠቀም ተክሎችን በሕይወት እንዳሉ ባሕር ማሻገር እንደሚቻል ካሳዩት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። በ1876 ሄንሪ ዊክሃም ከብራዚል ያመጣው የጎማ ዘር በኪው የዕፅዋት ማዕከል በቅሎ ወደ ሲሎን የተሻገረው በዚሁ ዓይነት ሣጥን ነው። ስለ ጎማ ሲወራ የሎዲጂዝ ስም መዘንጋቱ ተገቢ አይደለም። በ1843 ጎማን በድኝ የማጠንከር ዘዴ በብሪታንያ ያስመዘገበው ቶማስ ሃንኮክም ዛሬ የሃክኒ አካል በሆነችው ስቶክ ኒውንግተን ኖሮ፣ በ1865 እዚያው አረፈ።

ጎማ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል፤ ለዚህ ይበልጥ የሚያጋልጠው ግን የሃንኮክ ደረቅ ጎማ አይደለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የለንደን ጎማ ኩባንያ በሃክኒ ኮንዶም ማምረት የጀመረው ቅርጽ ማውጫውን ላቴክስ በሚባለው የጎማ ዛፍ ፈሳሽ ውስጥ እየነከረ ነው። ጓንትም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ እንዲህ በተሠራ ዕቃ ላይ የዛፉ ፕሮቲን በብዛት ይቀራል። በ1979 አንድ የብሪታንያ የቆዳ ሕክምና መጽሔት የቤት ውስጥ የጎማ ጓንት ያስከተለውን ሽፍታ ዘገበ። ኤድስ ከተከሰተ በኋላ የሕክምና ጓንት አጠቃቀም ሲበረክት አለርጂውም በረከተ።

ካሳቫው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከካሪቢያንና ከምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ጋር ነው። በዶልስተን ሪድሊ ሮድ ገበያ ሥሩም ዱቄቱም ይሸጣል። ከ2010 ወዲህ የብራዚል ተመራማሪዎች በካሳቫ ውስጥ ማን ኢ 5 የተባለ ፕሮቲን ለይተዋል፤ ሄቭ ቢ 5 ከሚባለው የላቴክስ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰውነት ለላቴክስ ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ካሳቫውንም ያጠቃል። ውጤቱ ከሽፍታ እስከ ጉሮሮ እብጠትና ለሕይወት አስጊ የደም ግፊት መውረድ ይደርሳል። ይህ ከካሳቫ ሳያናይድ መመረዝ የተለየ ነው፤ ካሳቫው በአግባቡ ሲዘጋጅ መርዙ ይቀንሳል፣ አለርጂው ግን በተቀቀለ ካሳቫም ተከስቷል።

ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ የብሪታንያ ምግብ ቤቶች ስለ 14 አለርጂ አምጪ ምግቦች ለደንበኛ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ካሳቫ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በጓንት ቆዳው የሚያብጥ ሰው ከመብላቱ በፊት ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል።