ስለ ቤት አየርና ስለ ቆጣሪ ሒሳብ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ በሆሳዕናና በዙሪያዋ በሚገኙት በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ዐዲስ መስሎ ቢታይም፥ መነሻው ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ይኸውም የቤትን አየር በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዝና ማሞቅ፥ በወሩም መጨረሻ የሚመጣው ሒሳብ ነው። «ደጋ በሆነ አገር ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ በብዙ ሰው ልብ ሳይነሣ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የነገሩም ቁልፍ የሚገኘው በዚሁ ውስጥ ነው።

ሆሳዕና፥ በጥንት ስሟ ዋቸሞ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዱራሜም፥ አንጋጫም፥ ዶዮገናም የደጋና የወይና ደጋ አየር ያላቸው ናቸው። የአገሩ ሰው ከጥንት የኖረበት ክብ የሣር ቤት ወፍራም ክዳን፥ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ነበረው። ዙሪያውን የከበበው እንሰት ነፋሱን ይከላከላል፤ ሌሊት በቤቱ ውስጥ የሚያድሩት ከብቶች ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። ቀን ቀዝቃዛ፥ ሌሊት ሞቃት የነበረው ይህ ቤት ቆጣሪ የማያስፈልገው የአየር ማስተካከያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ከእሳትና ከምስጥ የሚያድን፥ በየጊዜው መክደንን የሚያስቀር በመሆኑ ሕዝቡ የወደደው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ቀጭን ብረት ቀን የፀሐዩን ትኩሳት ሳያዘገይ ወደ ውስጥ ያወርዳል፤ ሌሊት ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። የብሎኬት ግድግዳና ሰፊ መስተዋት ሲጨመሩበት፥ ባለቤቱ በበጋ ቀትር ያልበዋል፥ በክረምት ሌሊት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «አየሩ ተለወጠ» የምንለው፥ አየሩ ብቻ ሳይሆን ጣራችንም ስለ ተለወጠ ነው።

የማቀዝቀዣውም መኪና ታሪክ እንግዳ ነው። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1902 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዕቅድ ያወጣው በብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት ነው፤ የአየሩ እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙን ስላበላሸው ነበር። መኪናው በመጀመሪያ የተሠራው እንግዲህ ለሰው ምቾት ሳይሆን ለወረቀት ነው። ትልልቅ ሕንፃዎች ቀዝቃዛውን አየር በሰፊ የቆርቆሮ ቦይ ያዳርሱ ነበር። ጃፓኖች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዱ ክፍል በውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፥ ሌላው በውጭ የሚቀመጥ፥ ሁለቱም በቀጭን የመዳብ ቧንቧ የሚገናኙበትን ዐይነት ለገበያ አቀረቡ። ዛሬ ሰው «ኤሲ» የሚለው ይኸው ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ እንደ ቤቱ ሙቀት ፍጥነቱን ቀስ የሚያደርግ ሞተር ስለ ተጨመረለት ፍጆታው ቀነሰ።

መኪናው ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል። ሥራው ሲገለበጥ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚያመጣ፥ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። በሽቦ የሚግለው ማሞቂያ ግን የበላውን ያህል ብቻ ይመልሳል። ወደ ጋምቤላ፥ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ የሠራ ባለሥልጣን የማቀዝቀዣውን ጥቅም ያውቀዋል፤ በዚያ ችግር የሚያስገዛው ዕቃ ነው። በሆሳዕና ግን ችግር መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንመለስ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ 43 ሺህ ኪሎዋት ያህል ኀይል ይዞ ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም የግቤ ውሃ ተራውን ያዘ፤ ግልገል ግቤ በ1996 ዓ.ም. 184፥ ግቤ 2 በ2002 ዓ.ም. 420፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግቤ 3 ደግሞ 1870 ሜጋዋት አቅም ይዘው ተሠሩ። የግቤ 3 ሐይቅ የሐዲያንና የከምባታን ቆላ ጠርዝ ይነካል። ወንዙ በደጅ ቢያልፍም፥ በአገራችን ገጠር መብራት ያላየው ጎጆ ዛሬም ብዙ ነው።

ዋጋውስ? ከ10 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ተሻሻለ። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ለሚጠቀም ድኻ ቤት 27 ሳንቲም ያህል ሆኖ እንዲቆይ ሲደረግ፥ ከ200 በላይ እስከ 300 ባለው ደረጃ 55 ሳንቲም የነበረው በየዓመቱ እያደገ በ2014 ዓ.ም. 2 ብር ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ የሚጨመር፥ በ4 ዓመት የሚፈጸም ዐዲስ ማሻሻያ ተጀመረ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ መካከለኛ ማቀዝቀዣ በአማካይ 700 ዋት እየወሰደ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፥ በወር 168 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ በ55 ሳንቲም ሒሳብ 92 ብር ከ40 ሳንቲም ነበር፤ በ2 ብር ሒሳብ 336 ብር ነው፤ ከዚያም ወዲህ ዋጋው ጨምሯል። ለማነጻጸር ያህል፥ 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጣድ በወር የሚፈጀው 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ማቀዝቀዣው እንግዲህ የሦስት ቤት እንጀራ ለመጋገር ጥቂት የሚጎድለውን ኀይል ብቻውን ይወስዳል።

ከዚህ የከፋው በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤተ ሰብ በሆነበት ቦታ ነው። አከራዩ ማቀዝቀዣ ቢያስገባ የግቢው ፍጆታ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል፤ አንዲት አምፑል ብቻ የምታበራው ተከራይም ለድኻው ከተጠበቀው ዝቅተኛ ዋጋ ትወጣለች። ባልቀዘቀዘችበት ቀዝቃዛ አየር ትከፍላለች ማለት ነው። ሒሳቡን በሰው ቍጥር እኩል ማካፈል በእንዲህ ያለ ግቢ ፍርድ አይሆንም፤ ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ወይም ዕቃ ያበዛው ብዙ እንዲከፍል መስማማት ይገባል።

ማንም ሰው ወደ ሣር ቤት ይመለስ አንልም። ነገር ግን ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማስመታት፥ በኮርኒሱና በጣራው መካከል ለነፋስ መውጫ መተው፥ በምዕራቡ መስኮት በኩል ዛፍ መትከል አንድ ጊዜ የሚከፈልባቸው ሥራዎች ናቸው፤ የማቀዝቀዣው ዋጋ ግን በየወሩ ይከፈላል። እነዚህን ሠርቶ አሁንም ለታመመ ወይም ለሕፃን ሙቀት የሚያስፈልገው ቤተ ሰብ፥ በሽቦ ከሚግለው ይልቅ ይህን መኪና ቢመርጥ፥ ሌሊቱን ከሰል አጭሶ በተዘጋ ቤት ከመተኛት አደጋም ቢድን፥ ብልህ ነው እንላለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ መኪናውን ከመግዛታችን በፊት ቀና ብለን ጣራችንን እንመልከት።