ከርቀት የሚከፈት ኮምፒውተር «የላይሰንስ ሰርቨር አልተገኘም» ሲል ምን ይደረጋል?

ከቤት ሆኖ የቢሮን ሰርቨር ከፍቶ መሥራት ለብዙ ሠራተኞች የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ይህን ከሚያስችሉት አንዱ የማይክሮሶፍት «ሪሞት ዴስክቶፕ» ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ግንኙነቱ ይቋረጥና «ላይሰንስ የሚሰጥ ሰርቨር ስላልተገኘ ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል መልእክት ይመጣል። ደመወዝ በሚያዘጋጅ የሒሳብ ቢሮ ይህ ከባድ ችግር ነው፤ በእስራኤል ሕግ የወር ደመወዝ እስከ ቀጣዩ ወር 9ኛ ቀን ካልተከፈለ እንደዘገየ ይቆጠራል።

መልእክቱን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ ወይም ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ችግሩ ግን ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ይሠራል?

ዊንዶውስ ሰርቨር ለአስተዳደር ሥራ ብቻ 2 ሰዎች በአንድ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እንዲገቡ ይፈቅዳል። ሠራተኞች የዕለት ሥራቸውን በሰርቨሩ ላይ እንዲሠሩ ከተፈለገ ግን ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው፦ በሰው ቁጥር ወይም በመሣሪያ ቁጥር። የተገዙትን ፈቃዶች ይዞ የሚያድለው «ላይሰንስ ሰርቨር» ይባላል።

አገልግሎቱ ሲተከል የ120 ቀን የእፎይታ ጊዜ አለው። ብዙው ችግር የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ቴክኒሻኑ ተክሎት ይሄዳል፣ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ከአራት ወር በኋላ ማንም ሳይነካው ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ

የታገደው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁሉም? አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ፍለጋው ከእሱ ኮምፒውተር ይጀምራል። ሁሉም ከታገዱ ከሰርቨሩ ይጀምራል።

አንድ ሰው ብቻ ሲታገድ

የዊንዶውስ ኮምፒውተር የተሰጠውን ፈቃድ «ሬጅስትሪ» በሚባለው ማኅደር ያስቀምጣል። ይህ መረጃ ሲበላሽ ግንኙነቱ እምቢ ይላል። ማስተካከያው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. የሬጅስትሪው ቅጂ ይቀመጥ።
2. በ«ሎካል ማሽን» ሥር፣ «ሶፍትዌር» ከዚያም «ማይክሮሶፍት» ውስጥ ያለው «ኤምኤስ ላይሰንሲንግ» የተባለው ክፍል ይሰረዝ።
3. የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሙ በአድሚኒስትሬተር መብት አንድ ጊዜ ይከፈት። የተሰረዘው ክፍል እንደገና የሚፈጠረው በዚህ ነው።

ፈቃዱ በመሣሪያ ከሆነ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። አዲስ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲገባ የ90 ቀን ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠዋል። ቀኑ ሲያልቅ ትርፍ ፈቃድ ከሌለ ይከለከላል። ይህ በመሰረዝ አይፈታም፤ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁሉም ሲታገዱ

የሰርቨሩ ኃላፊ በአስተዳዳሪ መንገድ መግባት ይችላል። ለዚህም ግንኙነቱን የሚከፍተውን ትእዛዝ (ኤም፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤስ፣ ሲ) ጽፎ፣ ክፍተት ሰጥቶ፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰረዝና «አድሚን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ይጨምራል። ከገባ በኋላ «ላይሰንሲንግ ዳያግኖዘር» የተባለውን መመርመሪያ ከፍቶ እነዚህን ይመልከት፦

• የላይሰንስ ሰርቨሩ ስምና የፈቃዱ ዓይነት ተመዝግበዋል? ፈቃድ ተገዝቶ ይህ ሳይሞላ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።
• የላይሰንስ ሰርቨሩ አገልግሎት እየሠራ ነው? በማይክሮሶፍት በኩልስ ገቢር ሆኗል?
• የፈቃዱ ዓመት ይስማማል? የ2019 ፈቃድ ለ2022 ሰርቨር አይሠራም፤ የ2022 ፈቃድ ግን ለ2019 ሰርቨር ያገለግላል።
• ቢሮው ዶሜይን አለው? ከሌለው በመሣሪያ የሚቆጠረው ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው። በ2019 ሰርቨር ላይ በሰው የሚቆጠር ፈቃድ ያለ ዶሜይን ከተመረጠ ግንኙነቱ በየ60 ደቂቃው ሊቋረጥ ይችላል።
• ሁለቱ ሰርቨሮች የተለያዩ ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ፋየርዎል ፖርት 135ን፣ 445ን እና ከ49152 እስከ 65535 ያሉትን ዘግቶ ይሆን?

መደረግ የሌለበት

የ120 ቀኑን ቆጠራ ከሬጅስትሪ ሰርዞ እንደገና ማስጀመር በኢንተርኔት የሚዘዋወር ምክር ነው። ይህ የፈቃድ ውሉን መጣስ ነው፤ ችግሩንም ከአራት ወር በኋላ መልሶ ያመጣዋል። ሌላው አደጋ፣ ሥራ ቆመ ብሎ በችኮላ ፖርት 3389ን ለመላው ኢንተርኔት ክፍት ማድረግ ነው። ፈቃዱን አይመልስም፤ ለሰርጎ ገቦች ግን በር ይከፍታል።

ቴክኒሻን ከመጥራት በፊት

የመልእክቱን ፎቶ፣ የታገዱትን ሰዎች ቁጥር፣ የሰርቨሩን ዓመት፣ አገልግሎቱ የተተከለበትን ቀንና የፈቃዱን ግዢ ወረቀት ማዘጋጀት የምርመራውን ሰዓት ያሳጥራል። አዲስ ሰርቨር ያስተከለ ቢሮ ደግሞ 120ኛው ቀን የሚውልበትን ዕለት ከወዲሁ በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ ፈቃዱን ለመግዛትና ለማስመዝገብ በቂ ጊዜ ይኖረዋል።