በካርቱም የአንድ አነስተኛ ፓርቲ ጉባኤዎች

ከጣና ወጥቶ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋራ በሚገናኝበት በካርቱም ከተማ፥ ከመጋጠሚያው ብዙ ሳይርቅ በወንዙ ዳር፥ የወዳጅነት አዳራሽ የሚባል ታላቅ ሕንፃ ቆሟል። አዳራሹን በቻይና መንግሥት ርዳታ ያሠራው የፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ መንግሥት ሲሆን፥ ተመርቆ የተከፈተውም በ1976 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የሚቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በጃንዋሪ 2009 የሱዳን ኮሙኒስት ፓርቲ አምስተኛውን አገር አቀፍ ጉባኤውን በዚሁ አዳራሽ አደረገ። አራተኛው የተደረገው በኦክቶበር 1967 ነበርና በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል ከ41 ዓመት በላይ አልፏል። በአራተኛው ጉባኤ ጊዜ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ሰው በስቅላት የቀጣው፥ አዳራሹን ያሠራው ያው የኒሜሪ መንግሥት ነው።

በሱዳን ምርጫዎች ሁልጊዜ ጥቂት ወንበር ብቻ ያገኘ የአንድ ፓርቲ ስብሰባ ለታሪክ ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ የታላላቆቹ ፓርቲዎች ታሪክ የሚነበበው በሁለቱ የሃይማኖት ቤቶች፥ ማለት በማህዲ ተከታዮችና በኻትሚያ ወገን ታሪክ ውስጥ ነው። የኡማ ፓርቲ በመጀመሪያዎቹ፥ የኅብረት ፓርቲዎቹም በሁለተኞቹ ላይ ተደግፈው የቆሙ ናቸውና፥ መሪያቸውን ከጉባኤ ይልቅ ትውልድና ባርኮት ይመርጥላቸው ነበር። ትንሹ ፓርቲ ግን ከጉባኤው በቀር መሪ የሚያገኝበት ሌላ ምንጭ አልነበረውም። ስለዚህ ጉባኤው የተደረገበትና ያልተደረገበት ዘመን ሲታይ፥ የሱዳን ሕግ መቼ እንደ ሠራና መቼ እንደ ተሰበረ አብሮ ይታያል።

የጉባኤ ልማድ በሱዳን የተጀመረው በኮሙኒስቶች አይደለም። በፌብሩዋሪ 1938 ከ1,000 የሚበልጡ የተማሩ ሰዎች፥ አብዛኞቹ መምህራንና የመንግሥት ጸሐፊዎች፥ በኦምዱርማን በምሩቃን ክበብ ተሰብስበው የምሩቃን ጠቅላላ ጉባኤ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ስሙንም ከሕንድ ብሔራዊ ኮንግሬስ ወረሱ። ዋና ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት ኢስማኢል አልአዝሃሪ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ማኅበሩ በ1942 የሱዳን ሕዝብ የራሱን ዕድል በራሱ እንዲወስን የሚጠይቅ ጽሑፍ ለእንግሊዝ ገዢዎች ባቀረበ ጊዜ፥ ገዢዎቹ ጥያቄው ከማኅበሩ ሥልጣን ውጭ ነው ብለው መለሱት። ከዚያ በኋላ ምሩቃኑ ተከፋፍለው ፓርቲዎች ተወለዱ። የሒሳብ መምህሩም በ1954 የሱዳን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የኮሙኒስቱ ፓርቲ በ1946 ሲቋቋም ስሙ «የሱዳን ብሔራዊ ነጻነት ንቅናቄ» ነበረ። መሥራቾቹ በካርቱምና በካይሮ የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። ከካይሮ የተመለሱት አብዱልኻሊቅ ማህጁብ በ1949 ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ጕልበቱን ያገኘው ግን ከተማሪ ቤት ብቻ አይደለም፤ በአትባራ ከሚገኙት የምድር ባቡር ሠራተኞችና በ1950 ከተመሠረተው የሱዳን ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽንም ጭምር ነው። ሱዳን በጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነጻ ወጣች። ፓርቲው ሦስተኛውን ጉባኤ በፌብሩዋሪ 1956 አድርጎ ነጻነትን፥ ዴሞክራሲንና ሰላምን ስለ ማጽናት የሚናገር ፕሮግራም አጸደቀ። ከዚህም ዓመት ጀምሮ የሱዳን ኮሙኒስት ፓርቲ ተባለ።

እንዲህ ያለው ጉባኤ የሚሠራበት ሥርዓት በዓለም ባሉት ኮሙኒስት ፓርቲዎች ዘንድ በጠቅላላው አንድ ዓይነት ነው። በሥልጣን ላይ ያለው ማዕከላዊ ኮሚቴ ያለፈውን ዘመን የሚመረምር መግለጫ አዘጋጅቶ ለየቅርንጫፉ ይልካል፤ ቅርንጫፎቹ ተወያይተውበት መልእክተኞቻቸውን ይመርጣሉ፤ መልእክተኞቹም በጉባኤው ላይ መግለጫውን አርመው ካጸደቁ በኋላ አዲስ ማዕከላዊ ኮሚቴ ይመርጣሉ። ይህ በወረቀት ሲነበብ ቀላል ነው። ፖሊስ በሚከታተለው ፓርቲ ዘንድ ግን መግለጫውን ማባዛት፥ መልእክተኛውን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ማሻገርና የሚያድርበትን ቤት ማግኘት እያንዳንዱ ለእስራት የሚያበቃ ሥራ ነው። የድምፅ ቈጠራውም ቢሆን ስም እንዳይታወቅ ተብሎ በተሸፈነ ጊዜ፥ የተመራጩን ማንነት ለመራጩ ይሰውራል። ሕጋዊነት ለእንዲህ ያለ ፓርቲ ከፖሊስ መዳን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በኖቬምበር 17 ቀን 1958 ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ያዙና ፓርቲዎች ሁሉ ታገዱ። ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ በኦክቶበር 21 ቀን 1964 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ደቡቡ ጥያቄ ሊወያዩ ተሰበሰቡ፤ ፖሊስም ተኩሶ ተማሪ ገደለ። ከዚህ የተነሣ መምህራን፥ ሐኪሞች፥ የሕግ ዐዋቂዎች፥ መሐንዲሶችና የሠራተኛ ማኅበራት በአንድነት ሥራ አቆሙ። አቡድ ወረዱ። የሽግግሩን መንግሥት እንዲመሩ የተመረጡት ሲር አልኻቲም አልኸሊፋም ከትምህርት ሥራ የመጡ ሰው ነበሩ።

በ1965 በተደረገው ምርጫ ለምሩቃን ብቻ የተለዩ 15 ወንበሮች ነበሩ። ከሌላው ሕዝብ ጋራ ከሚሰጠው ድምፅ በተጨማሪ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፈጸመ ሁሉ ለእነዚህ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ትንሹ ፓርቲ ከ15ቱ 11ዱን ወሰደ። ከተመረጡትም አንዷ መምህርት የነበሩት ፋጡማ አሕመድ ኢብራሂም ሲሆኑ፥ በሱዳን ፓርላማ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ለተማሩ ሰዎች ሁለት ድምፅ መስጠት ፍትሕ ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፥ አይደለም ማለት ይቀላል። ታላላቆቹ ፓርቲዎች ግን ያስቈጣቸው ሕጉ ሳይሆን ውጤቱ ነበር፤ ሕጉን የወረሱት ከ1953ቱ ምርጫ ነበርና።

በኖቬምበር 1965 በኦምዱርማን በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ፥ አንድ ተማሪ የነቢዩ ሙሐመድን ቤተ ሰብ የሚነካ ቃል ተናገረ ተባለ። ፓርቲው ተማሪው አባሉ እንዳልሆነ ቢያስታውቅም የሰማው አልነበረም። በከተማው ሰልፍ ወጣ፤ ሕገ መንግሥቱን እንዲያረቅ የተመረጠው ምክር ቤትም ጊዜያዊውን ሕገ መንግሥት አሻሽሎ ኮሙኒስት ፓርቲን አገደ፤ የተመረጡትንም እንደራሴዎች ከወንበራቸው አስነሣ። አንድ ተማሪ በአንድ ማታ የተናገረው ቃል የብዙ ሺህ መራጮችን ድምፅ ሻረ ማለት ነው።

እንደራሴዎቹ ጕዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በዲሴምበር 1966 የካርቱም ከፍተኛ ፍርድ ቤት እገዳው ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የሚቃረን ነው ሲል ፈረደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳዲቅ አልማህዲና መንግሥታቸው ፍርዱን አንቀበልም አሉ። የዳኞች አለቃ ባቢከር አወደላ ፍርድ ቤቱ ከተደፈረ ከሥራቸው መቆየት እንደማይገባቸው ዐስበው በ1967 ሥራቸውን ለቀቁ። በሱዳን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የሕግ ፈተና ብዙ አይገኝም፤ የፈተናውንም ዋጋ የከፈሉት በኋላ ኮሙኒስቶቹ ብቻ አልነበሩም።

አራተኛው ጉባኤ የተደረገው በዚህ ሁናቴ ውስጥ ነው። በሕግ ፊት ፍርድ ቤት ያጸደቀው፥ በመንግሥት ፊት ግን የተከለከለ ፓርቲ በኦክቶበር 1967 በካርቱም ተሰብስቦ «ማርክሲዝምና የሱዳን አብዮት ጥያቄዎች» የተባለውን ሰነድ አጸደቀ። ሰነዱ ለረጅም ዘመን የፓርቲው መመሪያ ሆኖ ኖረ። በሚከተለው ዓመት፥ የፓርቲው ስም ታግዶ ሳለ፥ አብዱልኻሊቅ ማህጁብ ከኦምዱርማን ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። የምሩቃን ወንበሮች በዚህ ምርጫ ቀርተው ስለ ነበረ፥ የመረጣቸው የሠፈራቸው ሕዝብ ነበር።

በሜይ 25 ቀን 1969 ኮሎኔል ኒሜሪ ሥልጣን በያዙ ጊዜ፥ ሥራቸውን ለቀው የነበሩት የዳኞች አለቃ ባቢከር አወደላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከሚኒስትሮቹም ኮሙኒስቶች ነበሩበት። ይህ ድል መስሎ ታይቶ ነበር፤ ዳሩ ግን የፓርቲው አመራር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን መያዝን አስቀድሞ ይቃወም ስለ ነበር፥ ወዲያው ክርክር ተነሣ። ገሚሱ ፓርቲው በአዲሱ መንግሥት ውስጥ ይጠቃለል አለ፤ አብዱልኻሊቅና ተከታዮቻቸው ፓርቲው ራሱን ችሎ ይኑር አሉ። በኦገስት 1970 በተደረገው የምክክር ጉባኤ ክርክሩ ወደ መለያየት ደረሰ፤ በርካታ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባሎችም ተለይተው ሄዱ።

በኖቬምበር 1970 ኒሜሪ ለፓርቲው ቅርብ ናቸው የተባሉትን ሦስት መኮንኖች ከአብዮታዊው ምክር ቤት አስወጡ፤ አብዱልኻሊቅም ታሰሩ። በጁላይ 19 ቀን 1971 ከሦስቱ አንዱ ሻለቃ ሀሺም አልአጣ ሥልጣን ያዙ። በሦስተኛው ቀን ኒሜሪ ተመለሱ። ባቢከር አልኑርና ፋሩቅ ሐምደላህ ከለንደን ወደ ካርቱም ሲበሩ፥ የተሳፈሩበትን የእንግሊዝ አውሮፕላን የሊቢያ መንግሥት አስገድዶ አሳረፈና ሁለቱን ለኒሜሪ አሳልፎ ሰጠ። ከዚያ በኋላ መኮንኖቹ በጥይት ተደበደቡ፤ የሠራተኞቹ ፌዴሬሽን መሪ ሻፊ አሕመድ አልሼኽ፥ የደቡብ ጕዳይ ሚኒስትር የነበሩት የሕግ ባለሙያው ጆሴፍ ጋራንግ፥ ዋና ጸሐፊው አብዱልኻሊቅ ማህጁብም ጁላይ ሳይወጣ ተሰቀሉ። ሻፊ የፋጡማ አሕመድ ኢብራሂም ባል ነበሩ። ማዕከላዊ ኮሚቴው አስቀድሞ ወስኖ ነበር ወይስ መኮንኖቹ በራሳቸው ፈቃድ ተነሡ የሚለው ክርክር ከዚያ ጀምሮ አልተዘጋም።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በጁን 1969 መንግሥቱ ለደቡብ ሱዳን የራስ አስተዳደር እንደሚገባው ባወጀ ጊዜ፥ አሳቡን በሥራ ላይ ለማዋል የተሾሙት ጆሴፍ ጋራንግ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1972፥ ጋራንግ ከተሰቀሉ ከሰባት ወር በኋላ፥ የኒሜሪ መንግሥትና የደቡብ ተዋጊዎች በአዲስ አበባ ተገናኝተው በዚያው አሳብ ላይ የተመሠረተውን ስምምነት አደረጉ፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሽምግልናው ረዱ። አሳቡ አዲስ አበባ ሲደርስ ሰውየው በመቃብር ነበሩ።

ከ1971 በኋላ ሙሐመድ ኢብራሂም ኑጉድ ዋና ጸሐፊ ሆነው እስከ 1985 ድረስ በሽሽግ ኖሩ። በኤፕሪል 1985 ኒሜሪ በሕዝብ ዐመፅ ወረዱ፤ በ1986ቱም ምርጫ ኑጉድ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። የምሩቃን ወንበሮች ተመልሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚበዙትን የወሰደው በ1965 ያሸነፈው ወገን ሳይሆን የእስላማዊ ብሔራዊ ግንባር ነበር። ለፓርቲው ይህ ከእስራት ያላነሰ ምልክት ሊሆነው ይገባ ነበር። እስከ ጁን 1989 ድረስ ባሉት አራት የነጻነት ዓመታት ግን ጉባኤ አልጠራም። የሽሽጉን ዘመን ስለ ፖሊስ ማመካኘት ይቻላል፤ ስለነዚህ አራት ዓመታት ግን ፖሊስን መክሰስ አይቻልም። ምናልባት በጨለማ የኖረ ማኅበር በብርሃን አባሎቹን መቍጠር ይፈራ ይሆናል።

በጁን 30 ቀን 1989 ዑመር አልበሽር ሥልጣን ያዙ፤ ኑጉድም ታስረው ቆይተው እንደ ገና ተሸሸጉ። በሽሽጉ መካከል በሱዳን ስለ ነበረው ባርነት መጽሐፍ ጽፈው በ1995 አሳተሙ። ወደ አደባባይ የተመለሱት የሰሜንና የደቡብ የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ በ2005 ነው።

በ2009ኙ ጉባኤ ዋናው ክርክር ስለ ስም ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ኮሙኒስት የሚለው ስም ይቀየር የሚሉ ነበሩ፤ ሰነዶቹም ከዓመታት በፊት ጀምሮ ክርክር ሲደረግባቸው ቆይተዋል። ጉባኤው ስሙን አጸና፤ ኑጉድንም መልሶ መረጠ። ለስሙ የቆሙት ሰዎች የተከራከሩት ስለ ንድፈ አሳብ ብቻ አልነበረም፤ በስሙ ምክንያት የሞቱት ሰዎች ቤተ ሰቦች በከተማው ይኖሩ ነበርና። ኑጉድ በማርች 2012 በለንደን ሞተው አስከሬናቸው በካርቱም ተቀበረ፤ በቦታቸውም ሙሐመድ ሙኽታር አልኸጢብ ተተኩ። ስድስተኛው ጉባኤ ሰባት ዓመት ብቻ ጠብቆ በ2016 በካርቱም ተደረገ፤ ከእርሱም በፊት አንዳንድ የታወቁ አባሎች ከፓርቲው ተባርረው ነበር። በዲሴምበር 2018 የተጀመረው ሕዝባዊ ዐመፅ በኤፕሪል 2019 አልበሽርን ሲያወርድ፥ መምህራንና ሐኪሞች እንደ 1964ቱ ዘመን በማኅበሮቻቸው ስም ተሰልፈዋል። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሠራዊቱና በፈጣን ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነት ሲነሣ፥ ጉባኤዎች የተደረጉባት ከተማ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች፤ ነዋሪዎቿም በብዙ መቶ ሺህ እየሆኑ ወደ ሰሜን፥ ወደ ምሥራቅና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ወጡ።