ተማሪው ወደ ኮርሱ ወይስ ኮርሱ ወደ ተማሪው?



የከፍተኛ ትምህርትን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማቅረብ በአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከጉለሌ ቁልቁል ስንወርድ የምናገኘው የስድስት ኪሎ ግቢ ለዚህ ምስክር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን አምጥቶ 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ያስጨርሳቸው ነበር። ጥቂቶች ቢሆኑም ተማሪዎቹ ራሳቸው ወደ ትምህርቱ ሄዱ።

በ1994 ዓ.ም. መንገዱ ተገለበጠ። የ1986ቱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ። ቀጥሎም የፍሬሽማን ዓመት ቀረና ይዘቱ ወደ ታች ወረደ፤ የብዙዎቹ ዲግሪዎች ዕድሜም ከ4 ዓመት ወደ 3 አጠረ። ያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርሁ። የፍሬሽማን ማስታወሻዬን አጥፌ ሳስቀምጥ ኮርሱ ቦታ ብቻ የለወጠ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። መጽሐፉ ወረደ እንጂ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ ሙከራው አብረው አልወረዱም። በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ክፍተቱን እንዲሞላ ተፈለገ፤ ፕላዝማ ግን እጁን ያወጣ ተማሪን አያይም።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። መመለሳቸው ተገቢ ነው፤ ጉዳዩን ግን አይዘጋውም። ዛሬም በጉለሌ ትምህርት ቤቶች ከክፍሉ ቀድሞ የሄደ ተማሪ አይጠፋም። ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚኒስቴሩ ሳይሆን ለእኛ ነው፦ ያ ልጅ በራችንን ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል?