ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች የሙቀት ሚዛን አጠባበቅ በሮቢትና በራያ ቆላማ አካባቢዎች

በሰሜን ወሎ ዞን፣ ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሮቢት ሞቃታማ የአየር ጠባይ ካላቸው የራያ ቆላማ አካባቢዎች አንዷ ናት። በአካባቢው በሚገነቡ ባለ አንድ ፎቅ (ጂ+1) ቤቶች የታችኛው ወለል ለኑሮ ሲመች፣ ቤተሰቡ የሚተኛበት የላይኛው ወለል ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሊሞቅ ይችላል። ይህም በተለይ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡር እናቶች አስጊ ነው።

የልዩነቱ መንስኤ

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በአናት ትክክል ታልፋለች። በመሆኑም ከሁሉ አስቀድሞ የሚግለው የቆርቆሮ ጣሪያው ሲሆን ሙቀቱንም ወደ ታች ያስተላልፋል። የታችኛው ወለል በአንጻሩ በላዩ ባለው ሶሌታ ከፀሐይ ይጠለላል፤ ከሥሩ ያለው መሬትም ያቀዘቅዘዋል። በተጨማሪም ሞቃት አየር ቀላል በመሆኑ በደረጃው በኩል ወደ ላይ ይወጣል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

1. ቬንቲሌተር ወይም ኤር ኮንዲሽነር ከመግዛት በፊት ጣሪያውን ማስተካከል ይገባል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማሠራት፣ በመካከላቸው ላለው ክፍተት የአየር ማስወጫ መተው፣ ቆርቆሮውንም ነጭ ቀለም መቀባት ሙቀቱን ከምንጩ ይቀንሳል።

2. የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ በዝቅታ ስለሚገባ፣ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያሉ መስኮቶችን በበረንዳ፣ በመጋረጃ ወይም በዛፍ ጥላ መከለል ይመከራል።

3. የውጭው አየር ከቤቱ ሲሞቅ መስኮቶችን መዝጋት፣ ምሽት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በሁለቱም ወለሎች ትይዩ መስኮቶችን መክፈት ተገቢ ነው። አካባቢው የወባ ስጋት ያለበት በመሆኑ መስኮቶቹ የትንኝ ወንፊት ሊኖራቸው፣ አልጋዎችም በአጎበር ሊሸፈኑ ይገባል።

4. ቬንቲሌተር ቆዳን የሚያቀዘቅዘው አየሩን በማንቀሳቀስ እንጂ የክፍሉን ሙቀት በመቀነስ ስላልሆነ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ማጥፋት ኤሌክትሪክ ይቆጥባል። ኤር ኮንዲሽነር ከመግጠም በፊት የመስመሩን አቅም በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

በቀዝቃዛ ሌሊቶች

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ የታችኛው ወለል ሙቀት በደረጃው አምልጦ ወደ ላይ ይወጣል። በደረጃው መግቢያ በር ወይም ወፍራም መጋረጃ ማድረግ ይህንን ይቀንሳል። ሆኖም ቤትን ለማሞቅም ሆነ ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊቀመጥ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሞቃቱ አየር ጋር በደረጃው ወጥቶ ላይ የተኙትን ሳይሰማቸው ሊገድል ይችላል። ስለሆነም ከመኝታ በፊት ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ማውጣት የእያንዳንዱ ቤተሰብ ኃላፊነት ነው።

ቤት በመሥራት ላይ የሚገኙ ነዋሪዎች የጣሪያውን፣ የመስኮቶቹንና የደረጃውን አቀማመጥ በፕላን ዝግጅት ወቅት ከባለሙያ ጋር ቢመክሩበት በኋላ ከሚመጣ ተጨማሪ ወጪ ይድናሉ።